ጉም ያልነበረበት ጠዋት

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሰጠኝ ባለቤቴ ገመዳ ነው። «ጥሩዬ፣ ወሬ ሲያንቅሽ ለዚህ ንገሪው፤ ይሄ እንኳ መልሶ አያወራም» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም። ሚሲዮን እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ መጻፉ አያቅተኝም። ብቻ ለሰው ሲያወሩ ሰውየው ይስቃል፣ የራሱን ይጨምራል፤ ደብተር ዝም ብሎ ያያል። ምናልባት እንላመድ ይሆናል።

ገመዳ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ታወር ላይ ነው የሚሠራው። አውሮፕላኑን አንተ ተነሣ፣ አንተ ቆይ የሚለው እሱ ነው። ዘንድሮ ሰሜን ረሃብ ገብቶ የእርዳታ አውሮፕላን ከየአገሩ ስለ መጣ እንቅልፍ የለውም። ገና ሳይነጋ የሰዓት እላፊ ፈቃድ ያለው ሰርቪስ ቀበና ድልድይ ላይ ይጠብቀዋል። ማታ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነው። እኔ ቀኑን የቀበሌው ሹራብ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ፤ እጄ ክር ላይ፣ ጆሮዬ ሰው ላይ።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ገመዳ ዛሬ እረፍት ነበር። ድንች ስልጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ አውሮፕላን ለምን እንደሚዘገይ ጠየቅሁት። ድንቹን ከእጄ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው።

ሰሜን ያለው ሜዳ የአፈር ነው፤ ሦስት አውሮፕላን ቢይዝ ነው። አራተኛ ከላክህበት የሚቆምበት የለም፤ ሰማይ ላይ እየዞረ ነዳጁን ይጨርሳል። ስለዚህ እዚህ ቦሌ መሬት ላይ ይዘው ያቆዩታል። እዚያ አንዱ አራግፎ ሲነሣ እዚህ አንዱን ይለቃሉ። ሜዳው መብራት ስለሌለው ሁሉም የሚሠራው በቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይበረታል። እናም ሁሉም ጠዋት መነሣት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ የመነሻ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ስሎት ይሉታል። በሩን ዘግቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ በሰዓቱ ካልተገኘ ትንሽ ይጠበቅና ስሎቱ ከኋላው ላለው ያልፋል።

«ይሄማ የቦኖ ድንጋይ ነው» አልኩት። እኛ ሰፈር ውሃ ለመቅዳት ሌሊት ሄደን ድንጋይ ሰልፍ እናስይዛለን፤ ድንጋይህ ደርሶ አንተ ከሌለህ በእግር ይገፋና ከጭራ ትጀምራለህ። ገመዳ «ልክ ነሽ፣ ልዩነቱ ድንጋይ ነዳጅ አይጠጣም» አለኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ትልቅ አውሮፕላን ሲነሣ ከኋላው ነፋስ ጥሎ ይሄዳል፤ የማይታይ። ትንሹ ቶሎ ከተከተለ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ነፋሱ እስኪረጋ ትንሹ ይቆያል። ተሳፋሪው ምኑንም አያይም። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ባዶ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ። ታወሩን ይረግማል።

ድንቹ ዘግይቶ በሰለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

እትዬ አሳየች ቤት ተገናኘን። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው እሳቸው ጋ ነው። ቤታቸው ወንዙ ዳር ስለሆነ ውሃው ድምፃችንን ይሸፍንልናል፤ ለነገሩ መዝሙሩንም በከንፈር ነው የምንለው። እሳቸው ባል ሞቶባቸው ብቻቸውን ናቸው። ቢደረስባቸው በዚህ ዕድሜ እስር ቤት ነው የሚጠብቃቸው።

መግባቱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው ጣጣው። ሃያ ሰው ከአንድ ደጅ ፈልቶ ከወጣ ቀበሌው ምን ይላል? ገመዳ በሩ ሥር ተቀምጦ ሁለት ሁለት እያደረገ ይለቅቀናል። አንዱ ወደ ድልድዩ፣ አንዱ ወደ እንጦጦ መውጫው። ወደ እንጦጦ የሚሄዱት ለማገዶ የሚወጡ እንዲመስሉ ባዶ ገመድ ይይዛሉ። በመካከሉ አንድ መዝሙር በልብ እንጨርሳለን፤ ሰዓታችን እሱ ነው። ዛሬ አንዷ ነጠላዋን ረስታ ተመለሰችና የሁላችንም ተራ ተዛባ። የመጨረሻዎቹ እኔና ገመዳ ስንወጣ መሽቶ ነበር። «አየሽ፣ አንድ ሰው ጠዋት ሲያረፍድ ማታ ሁሉም አርፍዷል» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ገመዳ እየሳቀ ገባ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

አንድ ትልቅ የፓርቲ ሹም በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ሊሄድ ነበር፤ ስሎቱ ማለዳ ተይዞለታል። ሰዓቱ ደረሰ። አብራሪው አለ፣ ሹሙ የለም። ከኋላው ዱቄት የጫነ ትልቅ አውሮፕላን በሩን ዘግቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ገመዳ የሚጠበቀውን ያህል ጠብቆ ስሎቱን ለዱቄቱ ሰጠ። ዱቄቱ ተነሥቶ ሄደ። ወዲያው የሹሙ መኪኖች እስከ አውሮፕላኑ ሥር ገቡ። አሁኑኑ እንነሣ አሉ።

አይሆንም። መጀመሪያ ትልቁ የተወው ነፋስ መርጋት አለበት። እሱስ ጥቂት ደቂቃ ነው። ዋናው ነገር እዚያ ሜዳ ላይ የቀረውን አንድ ቦታ ዱቄቱ ወስዶታል። ሌላው አራግፎ እስኪነሣ ድረስ ሹሙ አውሮፕላኑ ውስጥ ፀሐይ እየመታው አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ረዳቱ በሬዲዮ ማንን እንዳቆምክ ታውቃለህ ወይ እያለ ይጮሃል። ገመዳ የመለሰለት ሜዳው ሞልቷል ብቻ ነው። ከዚያ ማይኩን ዘግቶ ለራሱ፣ «ጓድን ሰማይ ላይ ከማዞራቸው መሬት ላይ ቢቀመጡ አይሻልም?» አለ። ታወሩ ውስጥ የዚያን ሰዓት አጠገቡ ማንም አልነበረም። የነገረው ለእኔ ነው።

ወጡ እስኪበርድ ሳቅን። ዱቄቱ ዛሬ ማታ የስንቱ ልጅ አፍ እንደሚደርስ አስቤ ደግሞ ሳቄን ተውኩት።

ሰማዩ ዛሬ እንደ ብርጭቆ ነበር። ከደጄ ሆኖ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ መለየት ይቻል ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

የሹሙ ቢሮ ለምን እንደዘገየ በስልክ ጠይቆ ነበር አሉ። የገመዳ አለቃ አቶ ኃይለ መስቀል፣ በጉም ምክንያት ነው ብለው መለሱ። ጉዳዩ ተዘጋ። ሹሙ ሰዓቱን ባለማክበሩ ነው ማለት የሚችል የለም መቼም።

ገመዳ ይህ ነገር አልተዋጠለትም። ጉም አልነበረም ቢላቸው፣ «ገመዳ፣ ጉም አይታሰርም፤ አንተ ግን ትታሰራለህ» አሉት። እሳቸው ዘንድ መኪና ዘግይቶ ሲጭንም ጉም፣ ሞተር ሲበላሽም ጉም ነው። እኔ ጥሩ አለቃ ናቸው አልኩ። ገመዳ ጫማውን ፈታ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ደስ የሚል ጸሎት ነበር። ገመዳ ሥራ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። ምስክርነት ያለው አለ ወይ ሲባል ማንም አልተነሣም። ጸጥታው አሳፈረኝ። ሁልጊዜ ሌሎች ይመሰክራሉ፤ አንዱ ከበሽታ ዳንኩ ይላል፣ አንዱ ከእስር ወጣሁ ይላል። እኛ ቤት ምንም የማይደረግ ይመስል።

ተነሥቼ እግዚአብሔር ባለቤቴን የት ቦታ እንዳስቀመጠው መሰከርኩ። ለተራበው የሚሄደውን ዱቄት ከሹም አስቀድሞ እንዳሳለፈ፣ ሹሙ እንደተቆጣ፣ ባለቤቴም ምን እንዳለ። ሁሉም «ተመስገን» አሉ። ቦሌ ጭነት የሚጭነው ኤጀታ እንባው እስኪወርድ ሳቀና ከሁሉ ጮክ ብሎ አሜን አለ። ወጣቱ መቼም ድምፁን አያውቅም፤ እትዬ አሳየች በእጃቸው አፉን ያዙት።

ለክብሩ ነው የተናገርኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ኤጀታን ቀበና ድልድይ ላይ አገኘሁት። «እትዬ ጥሩ፣ የጋሼ ገመዳ ነገር እኮ እዛ ቦሌ ስንቱን አሳቀ» አለኝ። የጋሼን ስም አልጠራሁም ብሏል። ጫኞቹ ጆንያ ሲያነሡ ጉልበት ሆኗቸዋል አሉ።

እኔም ደስ አለኝ። ለገመዳ ልነግረው አሰብኩና ደክሞት ስለገባ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

ገመዳ ራት አልበላም።

የሹሙ ሰዎች ተመልሰው መጥተዋል። ጫኞቹ እርስ በርሳቸው «ጓድ፣ ከጆንያው ኋላ ይሰለፉ» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ከሹሙ ሰዎች አንዱ ሰምቷል። ሰማይ ላይ ከማዞራቸው የሚለውም ቃል በቃል ደርሷቸዋል። እንግዲያው ጉም ያላችሁን ውሸት ነው፤ ታወር ላይ ያለው ሰው ሆን ብሎ ነው ያቆመን፤ ይህ አሻጥር ነው ብለዋል። በአሻጥር የተያዘ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤታችን ወልደሰንበት ስብሰባ ላይ በተናገረው ነገር ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም፤ ሚስቱ ዛሬም ስንቅ ታመላልሳለች።

አቶ ኃይለ መስቀል ገመዳን ይህን ቃል ለማን ነው የተናገርከው ብለውት ነበር።

«ጥሩዬ፣ ለሰው ተናግረሽ ነበር?» አለኝ።

«የቱን?» አልኩት። ድስቱ ሊያር ነበርና ተነሣሁ። ስመለስ ደግሞ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 19

እጄ ሹራቡን አበላሸ። ሁለቴ ፈታሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

ገመዳን ከታወር አውርደውታል። ጉዳዩ እስኪታይ ምድር ቤት አንድ ጠረጴዛ ሰጥተውታል፤ ሥራ ግን የለውም። ሰርቪሱ አሁንም ሳይነጋ ይወስደዋል፣ ማታ ይመልሰዋል። ዓይኑ ግን አይቀላም።

ዛሬ ስንት አውሮፕላን ተነሣ ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ» አለ። ስለ ሥራ መናገር ትቷል። እኔ ስለ ሹራብ ማኅበር አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ጨዋ ሰው ነው። ድሮ እሱ ሲያወራ ጣልቃ እገባበት ነበር፤ አሁን ጸጥ ሲል የግድግዳው ሰዓት ይሰማኛል። ይህን ያህል ይጮሃል እንዴ?

ማን እንደተናገረ አላውቅም ብሎ ለአለቃው እንደነገረ የሰማሁት ከሌላ ነው። ያውቃል እኮ። ከእኔ በቀር ለማን ነገረ? ገመዳ ውሸት አያውቅም። ማን ለማን እንዳሳለፈው አላውቅም ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩለት። እሱስ እውነት ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶሮ አርደን ሁለታችን በላን። ጠዋት እትዬ አሳየች ብቅ ብለው ነበር። ለበዓል አይደለም የመጡት። እስኪጣራ ድረስ እንዳንሰበሰብ ለሁሉም ነግረዋል። ገመዳ ደጅ ሲወጣ ጠብቀው እጄን ያዙኝ።

«ጥሩዬ፣ የት እንዳወራሽው ቢጠይቁሽስ?»

እኔ ነኝ የተናገርኩት ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ለነገሩ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሰምተውኛል። እንዴት እንደሆነ ላስረዳቸው ነበር፤ ለክብሩ እንደሆነ። እሳቸው ግን የሚጠብቁት መልስ እሱ አልነበረም። «የእርስዎ ቤት ከአፌ አይወጣም» አልኳቸው። ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። ከአፍሽ የማይወጣ ነገር አለ ወይ ሊሉኝ ይችሉ ነበር። አላሉኝም።

ሰኞ፣ ጥር 6

የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ወርቄ ሹራብ ክፍል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስንት ዘመን አብረን ያወራን ሰዎች ነን፤ ልጇን ስትድር ወጥ ያማሰልኩት እኔ ነኝ። «ጥሩ፣ አንቺማ አፍሽ አያርፍም፤ ይሄን ነገር የት ነው የለቀቅሽው?» አለችኝ እየሳቀች። እኔም እየሳቅሁ፣ «እኔ የት ያላወራሁት ነገር አለ? እስቲ ላስታውስ» አልኳት። ዓይኗ አልሳቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ቀበሌው አዳራሽ ትጠራላችሁ ብላኝ ተነሣች። ክሬን ረግጣው ሄደች።

ኤጀታ ከበዓሉ ወዲህ አልታየም።

ቅዳሜ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

መንገዱ በሙሉ ሰው ነው፤ ታቦት ሸኚው ይጨፍራል። ያንን ግርግር አመካኝተው አቶ ኃይለ መስቀል ቤት ድረስ መጡ። እንግድነት አይደለም። ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

እንዲህ አሉ፦ እኛ ጉም ነው ብለን መልሰናል። ገመዳ ያንን ቃል ብሏል ከተባለ ጉም አልነበረም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ገመዳም እኔም እንገባለን። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ግን ወሬ ወዳድ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከራሴ ፈጥሬ ነው ይበሉና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ሴት ወሬ ፈጠረች ተብሎ የሚታሰር የለም፤ ቢበዛ ሂስ ነው።

እኔ ልመልስ ስል ገመዳ ቀደመኝ። «ሚስቴ ውሸታም አይደለችም» አለ።

«ታዲያ ያልከው አንተ ነህ?»

ገመዳ ተነሥቶ በሩን ከፈተላቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ዓርብ እንገናኝ ብለው ወጡ። ከሄዱ በኋላ «አትዋሺም» አለኝ። እንዳዘዘኝ ይሁን እንዳመነኝ አልገባኝም።

ዓርብ፣ ጥር 17

ዛሬ ያለውን ሁሉ ልጽፍ ነው። ገመዳ ተኝቷል፤ ወይም ዓይኑን ጨፍኗል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፊት ለፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ አጠገቡ ከሹሙ ቢሮ የመጣ አንድ ቀጭን ሰው፣ አቶ ኃይለ መስቀል ዳር። ወርቄ ከፊተኛው አግዳሚ። ገመዳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እትዬ አሳየች ከኋላ ጥግ ተቀምጠው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሸፍነዋል። ኤጀታን በሩ ላይ አየሁት፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል።

ስሜን ጠሩ። ስነሣ ወንበሩ ተንኳኳ።

«ይህን ቃል ባለቤትሽ ነው የነገረሽ?» አለ ቀጭኑ ሰውዬ።

«እሱ የሥራውን ነገር እቤት አያወራም። ሲገባ እንቅልፉን ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ለምን?»

«ባሌን ትልቅ ሰው ለማስመሰል።»

አዳራሹ ሳቀ። ወርቄ ዞር ብላ «ይቺ እኮ ስታወራ ቦኖው ራሱ ይደርቃል» አለች። ይባስ ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ።

«የት ነው ያወራሽው?»

እትዬ አሳየች ወደተቀመጡበት እንዳላይ ጣሪያውን አየሁ። «ቦኖ፣ ውሃ ሰልፍ ላይ» አልኩ።

«የቦሌ ጫኞች ቀበና ውሃ ይቀዳሉ?»

«ሚስቶቻቸው ይቀዳሉ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ማን ኋላዬ እንዳለ አላይም። እኔ ከተናገርኩት እንኳ ሰፈሩ የሚጨምርበት ይበልጣል።»

ይህን ስል ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ስለሆነ ይመስለኛል። ቀጭኑ ሰው ግን አልሳቀም። አንድ ነገር ቀረው።

«የዚያን ቀን ጠዋት ጉም ነበር?»

ገመዳ ቀና ብሎ አየኝ።

«ነበር» አልኩ። «እንጦጦ ራሱ አይታይም ነበር። ከደጄ ነው የማየው።»

ቁጭ በይ አሉኝ። ከዚያ ገመዳን ሚስትህ የምትለው እውነት ነው ወይ አሉት። ጫማውን አየ። እኔ ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሲዘገይ አይቼው አላውቅም። አፉን ሲከፍት የሚለውን ያወቅሁ መሰለኝ።

«ሚስቴ ያለችውን ሰምታችኋል» አለ።

ቀጭኑ ሰው፣ እሱን አይደለም የጠየቅሁህ ሊል ሲል አቶ ኃይለ መስቀል ፈጠን ብለው «ሰውየው አፍሯል እኮ፤ እንዲህ ያለች ሚስት ቢሰጥህ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩም ሳቀ። ሳቁ ነው ያወጣን።

ከዚያ እኔ ቆሜ ሂሴን ተቀበልኩ። አፍ የአብዮት ጠላት መሣሪያ እንደሆነ ወርቄ አስረዳችኝ። ክረምቱ እስኪገባ ለዘማች ሹራብ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ይሁን፤ ለማንም ይሁን ይሙቀው።

ስንወጣ ገመዳ ከፊቴ ነበር። እንደ ሌላ ጊዜ አልጠበቀኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ጠዋት ሻይ ይዤለት ገባሁ። ብርጭቆውን ሳይቀበለኝ፣

«ሰው ፊት ውሸታም አስባልኩሽ» አለ።

«አንተ ከምትታሰር ይሻላል እንጂ ምን ይሆናል» አልኩት።

«እውነቱን ልናገር ነበር የተነሣሁት። ጉሙን ስትዪ አፌ ከዳኝ።» ከዚያ፣ «እውነቱን፣ የት ነበር የተናገርሽው?» አለ።

ነገርኩት። ምስክርነት ላይ መሆኑን፣ ሰው ስላልተነሣ አፍሬ መነሣቴን፣ ኤጀታ መሳቁን። እሱ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያኔውኑ እነግረው እንደነበርም። ለክብሩ ነበር አልኩት መጨረሻ ላይ። ገመዳ ብርጭቆውን ተቀብሎ «ለማን ክብር?» አለ። በቁጣ አይደለም። ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለው።

መልሱን እያሰብኩ ሹራብ ክፍል አረፈድኩ።

እሑድ፣ ጥር 26

ተወሰነ። ገመዳ አይታሰርም። ታወር ላይም አይመለስም። ሰሜን ያ የአፈር ሜዳ አጠገብ ድንኳን አለ፤ እዚያ ሆኖ የቆሙትን አውሮፕላኖች እያየ ቦታ አለ፣ ቦታ የለም ብሎ ለቦሌ በሬዲዮ ይናገራል። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልተነገረውም። አቶ ኃይለ መስቀል በዚህ ስላለቀ እግዚአብሔርን አመስግን ብለውታል። አቶ ኃይለ መስቀል እግዚአብሔርን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ኤጀታ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደጁ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እኔ ነኝ ያወራሁት» ብሎ አለቀሰ። ገመዳ ወጥቶ ትከሻውን ይዞ አስገባው። ሁለቱ ስለ ሰሜኑ ሜዳ ተጨዋወቱ፤ አቧራው፣ ጆንያው እንዴት እንደሚራገፍ። እኔ ስገባ ወሬውን አልቆረጡም፣ ግን ለእኔም አልተናገሩም።

ሦስት ሹራብ ጨርሻለሁ። አንዱን ለገመዳ ሻንጣ ውስጥ አስገባሁ። ሰሜን ሌሊቱ ይበርዳል ይላሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ቦሌ ድረስ ሸኘሁት። እስከ ዛሬ በሩን እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ወንበሮቹ ንጹሕ ናቸው።

በሰዓታችን ደረስን። አውሮፕላኑ መስኮቱ ፊት ቆሟል፣ ደረጃው ተለጥፏል፣ ሻንጣው ተጭኗል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጥሪ የለም። ሰዎች መቆም ጀመሩ፣ መልሰው ተቀመጡ። አጠገባችን የነበረ አንድ ነጋዴ መሳይ ሰውዬ፣ ታወር ላይ ያሉት ሻያቸውን እስኪጨርሱ ነው የምንጠብቀው ብሎ ለሁሉም ተናገረ። አብራው ያለች ሴትዮ፣ ምን ያለ ሥራ ነው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ አለች። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ገመዳ ይህን አይቶ ጢሙ ሥር ፈገግ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከመስኮቱ ውጭ አንድ ትልቅ የእርዳታ አውሮፕላን ሲነሣ አይቻለሁ። ከሱ በኋላ ሌላ። ከሰሜን የተመለሰ ግን አንድም የለም። እንግዲህ ሜዳው ሞልቷል ማለት ነው፤ እዚያ አንዱ አራግፎ እስኪነሣ እኛ እዚህ እንቆያለን። ነፋሱማ ከረጋ ቆይቷል። ይህን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር።

ገመዳ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ለምን እንደቆምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። ይሄ ሜዳው ነው፣ እነዚህ ሦስቱ አውሮፕላኖች ናቸው ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ፤ እስኪጠሩት ድረስ ነገረኝ።